የሶላት ጥላ እና የጫካ ብርሃን



ጫካ ውስጥ ፎቶ ያነሳ ሰው ሁሉ ይህ ገጥሞታል። በዓይን ሲታይ የሚያስደንቀው ብርሃን ስልኩ ላይ የለም። በቅጠሎቹ መካከል ያለው ሰማይ ነጭ ወረቀት ይመስላል፤ ከሥሩ የቆመው ጓደኛችን ፊት ደግሞ ጠቁሯል። ብዙዎቻችን በስልኩ እናሳብባለን። ዋናው ጉዳይ ግን ሰዓቱ ነው። ሰዓቱን ለመምረጥ የሚረዳንን ዕውቀት ደግሞ አብዛኞቻችን መድረሳ ሳለን ተምረነዋል፦ የሶላት ወቅት በጥላ የሚለካበትን ትምህርት ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ችግሩን እንረዳ። ዓይናችን ከብርሃን ወደ ጥላ በዞረ ቁጥር ብሌኑ ይጠባል፣ ይሰፋል፤ አእምሯችንም ሁለቱን አዋህዶ ያሳየናል። የካሜራ ሴንሰር ግን በአንድ ጊዜ ለሙሉው ምስል አንድ ልክ ብቻ ይመርጣል። ለጥላው ቢያደላ ሰማዩ ይነጣል፤ ለሰማዩ ቢያደላ ጥላው ይጠቁራል። ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት የሚጠብበትን ወቅት መፈለግ አለብን።

ዙህር የሚገባው ፀሐይ ከመሀል ሰማይ ዘንበል ስትል ነው። በዚህ ሰዓት ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ የቅጠሉ ጣሪያ አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ የሚያልፈውም መሬት ላይ በነጠብጣብ ይረጫል። ለሰው ፎቶ ከዚህ የከፋ ሰዓት የለም፤ ግንባር ያበራል፣ ዓይን ይጨልማል።

ነጠብጣቦቹን ግን አትናቋቸው። በቅጠሎች መካከል ያለው ትንሽ ቀዳዳ ምንም ዓይነት ቅርጽ ቢኖረው መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ክብ ነው፤ የፀሐይዋ ምስል ነውና። ቀዳዳው 10 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ክቡ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። በ354 ዓመተ ሂጅራ ገደማ በበስራ የተወለደውና ኪታቡል መናዚርን የጻፈው ኢብኑል ሀይሠም፣ በግርዶሽ ጊዜ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ብርሃን የፀሐይዋን የማጭድ ቅርጽ እንደሚይዝ፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ቅርጹ እንደሚጠፋ መርምሯል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ አካባቢ እንዳለፈው ባለ የቀለበት ግርዶሽ ቀን፣ ከዛፍ ሥር ያሉት ክቦች ሁሉ ቀለበት ይሆናሉ። ካሜራ የሚሠራበት መሠረታዊ ሐሳብ በየዛፉ ጥላ ሥር ተዘርግቶ ነበር ማለት ነው።

ወደ ዐስር እንምጣ። በቀትር ከነበረው ጥላ ሌላ የአንድ ነገር ጥላ ቁመቱን ሲያክል ዐስር ይገባል፤ በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ እጥፉን ሲያክል። የቀትር ጥላ ኢምንት በሆነበት ወቅት ይህን ወደ ጂኦሜትሪ ብንለውጠው፣ የመጀመሪያው ፀሐይ ከአድማስ 45 ዲግሪ ላይ መሆኗን፣ ሁለተኛው ወደ 27 ዲግሪ መውረዷን ይነግረናል። ፀሐይ ዝቅ ባለች ቁጥር ብርሃኑ ከጣሪያው ይልቅ በግንዶች መካከል በጎን ይገባል። በወፍራም አየር ስለሚያልፍም ሰማያዊው በመንገድ ይበተንና ሞቅ ያለ ቢጫ ሆኖ ይደርሰናል። ኃይሉም ስለሚቀንስ የብርሃንና የጥላ ልዩነት ይጠባል። ጠዋት ፀሐይ የጦር ቁመት ያህል ከወጣች በኋላም እንዲሁ ነው።

የብርሃን ዘንግ ለማየት ግን አንድ ነገር ይጨመራል፦ ጉም፣ ጭስ ወይም አቧራ። ብርሃን በንጹህ አየር ሲያልፍ ከጎን አይታይም። ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ የሐረና ደንን ያቋርጣል። የባሌ ተራሮች አካል የሆነው ይህ ደን ጉም ስለማያጣው፣ ጠዋት ጉሙ ሲሳሳ ጨረሩ በዛፎቹ መካከል ተዘርግቶ ይታያል።

በስልክ ስታነሱ እንዲህ አድርጉ። ፀሐይዋን ከግንድ ጀርባ ደብቋት። ስክሪኑ ላይ ብሩሁን ቦታ ተጭናችሁ ያዙ፤ ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ። የጠቆረውን በኋላ ማውጣት ይቻላል፤ የነጣው ግን አይመለስም። ፍላሹን አጥፉ። በዓይን ማያ ሌንስ ባለው ካሜራ ፀሐይን በፍጹም አትመልከቱ፤ ዓይን ይጎዳል። ያልነበረ ጨረር በአፕ መጨመርም ያላዩትን አየሁ እንደማለት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጣል። ለፎቶ ምርጡ ሰዓት ፀሐይ ቢጫ የምትሆንበት ነው፤ ያለ ዑዝር ዐስርን እስከዚያ ማዘግየት ደግሞ የተጠላ ነው። ስለዚህ በጉዟችን ላይ ዐስርን በጊዜው በጀመዓ ሰግደን ካሜራውን እናንሳ። ከዐስር በኋላ እስከ መግሪብ በጥቅሉ ነፍል ሶላት አይሰገድም፤ ብርሃኑም ያኔ ነው የሚያምረው። ሶላቱ አያመልጠንም፣ ፎቶውም አያመልጠንም፣ ኢንሻአላህ።