ስለ አውሮፕላን የጭነት በር፤ በዘይት ግፊት እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ

የቤት በር በአንድ እጅ ይከፈታል። የትልቅ አውሮፕላን የጭነት በር ግን ሰፊና ከባድ ስለ ሆነ የሰው ክንድ ብቻውን አያነሣውም። ስለዚህ መሐንዲሶች በቱቦ ውስጥ የተዘጋ ዘይት በሩን እንዲያነሣው አደረጉ። ይህም አሠራር ሃይድሮሊክ ይባላል።

የአሠራሩ መሠረት አንድ የተፈጥሮ ሕግ ነው። አየር ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ውሃና ዘይት ግን እምብዛም አይጨመቁም፤ ስለዚህ በአንድ ወገን የደረሰባቸውን ግፊት ወደ ወገኑ ሁሉ እኩል ያደርሱታል። ስልቻ ውሃ ተሞልቶ አፉ ጥብቅ ሆኖ ቢታሰር፥ በአንድ ወገን ሲጫኑት በሌላው ወገን ይወጠራል፤ ተማሪም ይህን በእጁ ዳስሶ ይረዳዋል። ሕጉን ፓስካል የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዓመት ገለጠው፤ ብራማ የተባለ እንግሊዛዊም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1795 ዓ.ም. ለመጭመቂያ መኪና አዋለው።

ጥቅሙ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ሁለት ሲሊንደሮች በቱቦ ተጋጥመው ዘይት ተሞልተዋል እንበል። የትንሹ ፒስተን ስፋት 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር፥ የትልቁ 50 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ትንሹን የተጫነ 1 ኪሎ በትልቁ ላይ ያለውን 50 ኪሎ ይሸከማል። ነገር ግን ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ትልቁ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ትንሹ 50 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። በኃይል የተገኘው ትርፍ በመንገድ ርዝመት ይከፈላል።

ኤርባስ ኤ320 በተባለው አውሮፕላን የዘይቱ ግፊት በ1 ካሬ ሳንቲ ሜትር 210 ኪሎ ያህል ነው። የጭነቱ በር በሆዱ ጎን ይገኛል። ሠራተኛው አስቀድሞ እጀታውን ስቦ መቀርቀሪያዎቹን ይፈታል። ቀጥሎ የዘይቱን መንገድ ሲከፍት፥ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፓምፕ ዘይቱን ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል፤ ፒስተኖቹም በሩን ወደ ውጭና ወደ ላይ ያነሡታል። ኤሌክትሪክ ቢጠፋ የእጅ ፓምፕ አለ፤ ሰው ደጋግሞ ሲገፋው ከባዱ በር ቀስ በቀስ ይነሣል።

ነገር ግን መምህራን አጥብቀው ሊያስረዱት የሚገባ ነገር አለ። ዘይቱ በሩን ያንቀሳቅሰዋል እንጂ በበረራ ጊዜ አይዘውም፤ የሚይዘው የብረቱ መቀርቀሪያ ነው። አውሮፕላን ከፍ ሲል የውጭው አየር ይሳሳል፤ የውስጡ አየር ግን ሰው እንዲተነፍስ ታምቆ ስለሚጠበቅ፥ በሩን በ1 ካሬ ሜትር 5000 ኪሎ በሚያህል ኃይል ወደ ውጭ ይገፋዋል።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ሲ-5 የተባለ የአሜሪካ የጭነት አውሮፕላን ብዙ ሕፃናትን ይዞ ከሳይጎን ተነሣ። የኋላው በር መቀርቀሪያዎች ስላልጸኑ በሩ በከፍታ ላይ ተገነጠለ፤ ወደ ጅራቱ የሚሄዱት የመሪ ገመዶችና የዘይት ቱቦዎችም ተበጠሱ። አብራሪዎቹ ወደ ሳይጎን ሊመልሱት ቢጣጣሩም ከከተማው አጠገብ ወደቀ፤ ከ130 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ።

ስለዚህ ሠራተኛው በሩን ካወረደ በኋላ እጀታውን ወደ ስፍራው መልሶ መቀርቀሩን በዐይኑ ማረጋገጥ አለበት፤ አብራሪውም በፊቱ ባለው ምልክት ይህንኑ ይመለከታል። የበረት በር ተገፍቶ ሳይቀረቀር ቢታደር ጅብ እንደሚከፍተው ባላገር ሁሉ ያውቃል። በአውሮፕላንም ቢሆን መዝጋትና መቀርቀር ሁለት ሥራዎች ናቸው።