ኩብኩባው ክንፍ ሳያወጣ

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የበረሃ አንበጣ ራያ ላይ ሲሰፍር ማሽላውና ጤፉ ለአጨዳ ተቃርቦ ነበር። ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ጣሳ እየደበደበ፣ ጭስ እያጨሰ ተከላከለ። እኔ መቐለ ውስጥ የሰብል ጥበቃ አስተምራለሁ። ከዚያ ወዲህ ንብ አናቢዎች ባገኙኝ ቁጥር «አንበጣውን ገድሎ ንባችንን የሚተው መድኃኒት የለም ወይ?» ይሉኛል። አለ፤ ፈንገስ ነው።

ሜታራይዚየም አክሪደም የሚባለው ፈንገስ የሚያጠቃው አንበጣንና የፌንጣን ወገን ነው። ስፖር የሚባለው ዘሩ አንበጣው ቆዳ ላይ ይጣበቅና ይበቅላል፤ ቆዳውን ሰርስሮ ገብቶም ደሙ ውስጥ ይራባል። አንበጣው መብላት ይቀንሳል፣ ይዝላል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል። ለተማሪዎቼ የሞተውን ፌንጣ እርጥብ ወረቀት በተነጠፈበት ሳህን ከድኜ አቆይላቸዋለሁ። መጀመሪያ በመገጣጠሚያዎቹ በኩል ነጭ ሻጋታ ብቅ ይላል፤ ቆይቶ አረንጓዴ ዱቄት ይለብሳል። ያ ዱቄት ሌላ አንበጣ የሚይዝ አዲስ ዘር ነው።

ሩሲያዊው ሜችኒኮፍ የዚህን ፈንገስ ዘመድ በስንዴ ጥንዚዛ ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። ለአፍሪካ አንበጣ የሚሆነውን ያዘጋጀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረ ዓለም አቀፍ ምርምር ሲሆን፣ ዘሩን በዘይት በጥብጦ መርጨቱ በደረቅ አየርም እንዲሠራ አስችሎታል። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ2020 ኩብኩባን፣ ማለትም ክንፍ ያላወጣውን አንበጣ፣ ተከላክላበታለች። እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም፤ የአምቦ ተመራማሪዎች ከአገራችን አፈር ሜታራይዚየምና ቦቬሪያ የተባሉ ፈንገሶችን ለይተው በተለያዩ ተባዮች ላይ ሞክረዋል።

ፈንገሱ ግን አይቸኩልም። ኃይለኛ ፀሐይ ዘሩን ይገድለዋል። አንበጣውም ፀሐይ እየሞቀ ሰውነቱን አግሎ በሽታውን ያዘገየዋል። የደረሰ ማሽላ ላይ የሰፈረን መንጋ በዚህ አድናለሁ ማለት ገበሬውን ማታለል ነው። የፈንገሱ ቦታ ኩብኩባው ገና ክንፍ ሳያወጣ በእግሩ በሚጓዝበት መፈልፈያ ላይ ነው። ስለዚህ የኩብኩባ ወሬ ከአፋር ሲሰማ ዘሩ ደርቆ በቀዝቃዛ መጋዘን ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት። መንጋው ከተነሣ በኋላ ማዘዝ ዋጋ የለውም፤ ያን ጊዜ ለገበሬው የሚቀርለት ንቡንም የሚፈጀው ኬሚካል ነው።