ከአንጥረኛ ወናፍ እስከ ሙዚየም፦ የሐረር ሳንቲሞች ፍለጋ በየዘመኑ

ሐረር የራሷን ገንዘብ ስትመታ የኖረች ከተማ ናት። አሚሮቿ ያስመቱት መሐለቅ ትንሽና ስስ ሲሆን በአንድ ፊቱ የከተማዋ ስም፣ በሌላው የሒጅራ ዓመት ይጻፍበት ነበር። በ1847 ዓ.ም. በግንብ ወደታጠረችው ከተማ ወደ ጀጎል የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ያየው መሐለቅ 1248 ዓመተ ሒጅራ የሚል ነበር። 22ቱ ተደምረው አንድ አሽረፊ ይሆኑ እንደነበር፣ አሚሩም በከተማዋ ሌላ ሳንቲም የሚያዘዋውረውን ክፉኛ ይቀጡ እንደነበር ጽፏል።

ያ ገንዘብ ከገበያ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፈላጊ ግን አጥቶ አያውቅም። የተለወጠው የፈላጊው ዓይነት ነው፤ የፍለጋው ዓላማም አብሮት ተለውጧል።

ሳንቲሙ ብር ብቻ በነበረበት ጊዜ

ግብጾች በ1868 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የአሚር አብዱላሂ ጦር ሲሸነፍ ከተማዋ በምኒልክ እጅ ገባች። የገንዘብ መምታቱ ነገር ግን ወዲያው አልቆመም፤ 1885 ዓ.ም. የሚል ዓመት የያዘ የምኒልክ የብር መሐለቅ ሐረር ውስጥ ተመትቷል።

በትልልቁ ንግድ የነገሠው ግን የኦስትሪያው ማርትሬዛ ነበር። 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ ጠገራ ብር ለአንጥረኛው የጌጥ ጥሬ ዕቃ ሆነ። በርካታው እየቀለጠ አምባር፣ የአንገት ጌጥና ድሪ ሆኖ ወጣ። ሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ታውጆ ማርትሬዛ ከሕጋዊ ገንዘብነት ሲወጣ፣ በየሣጥኑ የቀረው ዋጋው በሚዛን ሆነ። በዚያ ዘመን አሮጌ ሳንቲም የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው ስንት ግራም እንደሚሆን እንጂ ከየት እንደመጣ አልነበረም።

ከሣጥን ወደ መደርደሪያ

ቀጥሎ የመጣው ፈላጊ ቱሪስቱ ነው። አሮጌ ሳንቲም ከቅርጫቱና ከጌጡ ጎን ለሽያጭ ተደረደረ። እያንዳንዱ ገዢ ለትዝታ ያህል አንድ ሁለት ይዞ ቢሄድም፣ ሲጠራቀም የአንድ ከተማ ታሪክ በየአገሩ ተበተነ።

የተማረው ዓለምም ዘግይቶ ነው የነቃው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ባልደረባ የነበሩት አህመድ ዘካርያ ስለ ሐረሪ ሳንቲሞች የመጀመሪያ ዳሰሳቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በዚያው አካባቢ አብዱላሂ ሸሪፍ የሐረርን ቅርስ ከየሰዉ እጅ መሰብሰብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በቤታቸው የከፈቱት በአገሪቱ የመጀመሪያው የግል ሙዚየም ተብሎ ይነገርለታል። በኋላም የክልሉ መንግሥት በራስ ተፈሪ ስም የሚጠራውን ቤት ሰጣቸው። የእጅ ጽሑፉ፣ ጌጡ፣ የሙዚቃ ቅጂውና ሳንቲሙ ዛሬ እዚያ ይታያል። የእሳቸው ፍለጋ አካፋ አልነካም። የየቤቱን በር አንኳኩቶ ዕቃው የማን እንደነበርና እንዴት እንደቆየ መጠየቅ ነበር።

አፈሩ ሲጠየቅ

ሦስተኛው ፈላጊ አርኪዮሎጂስቱ ነው። ፈረንሳዊው ሚሲዮናዊ አባ አዛይስ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሐረርጌ የጥንቱን የሐርላ ሕዝብ ፍርስራሾች ዞረው መዝግበዋል። ገበሬዎች ሲያርሱ እንግዳ ሳንቲምና ሸክላ እያገኙ ቦታውን የግዙፎች አገር ነበር ሲሉ ኖረዋል። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል ቡድን ከድሬዳዋ አጠገብ ባለችው ሐርላ ቆፍሮ በ2009 ዓ.ም. ውጤቱን ሲያስታውቅ ግን ከግዙፎች ይልቅ ነጋዴዎች ወጡ፦ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የመስታወት ዶቃ፣ የቻይና ሸክላ፣ ከግብጽ የመጣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሳንቲም።

ሳንቲሙ ይህን ሁሉ የተናገረው ከነአፈሩ ስለተገኘ ነው። ማርትሬዛን እንውሰድ። ከ1780 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የትኛውም ዘመን ቢመታ የሚጻፍበት ዓመት ያው 1780 ነው። ጣሊያን ከ1935 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሮም ላይ መትቶታል፤ ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ስለዚህ ከመሬት የወጣ አንድ ማርትሬዛ መቼ ሐረር እንደደረሰ ከጽሑፉ ብቻ ማወቅ አይቻልም። የሚመሰክረው የተቀበረበት የአፈር ንብርብርና አብሮት የተገኘው ስባሪ ነው። ነቅሎ ያወጣው ሰው ብሩን ያገኛል፤ ምስክሩን ግን ያጠፋል።

የሚጮኸው መሣሪያ

በሌላው ዓለም የሳንቲም ፍለጋ መዝናኛ የሆነው በብረት ጠቋሚው ዲቴክተር ነው። መሣሪያው የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈንጂ ለማሰስ ሲሆን ከጦርነቱ በኋላ ለትርፍ ጊዜ ፈላጊዎች ደረሰ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ግን ያንን የመጀመሪያ ሥራውን አልጨረሰም። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሐረር ደጃፍ ደርሶ የተመለሰበት ጦርነት ሜዳውን ፈንጂ አልብሶት ስለነበር ዲቴክተር ከፈንጂ አምካኞች ጋር ነው የሚታወቀው። በወርቅ አገሮች ደግሞ የባህላዊ ቆፋሪዎች መሣሪያ ሆኗል።

ጀጎል ራሱ ለዚህ መዝናኛ አይመችም። በ48 ሄክታር ውስጥ የታጨቀው ቤት፣ ቆርቆሮና ምስማር መሣሪያውን በየእርምጃው ያስጮኸዋል። እንደ መሐለቅ ያለ ስስ ሳንቲም የሚሰጠው ምልክት ደካማ ስለሆነ በብረቱ ጩኸት ይዋጣል። ዩኔስኮ 82 መስጊድና 102 አዋች (የወሊዮች መካነ መቃብር) በቆጠረበት ከተማ አካፋ የሚያሳርፍ ሰው መቃብር እንዳይነካ መፍራት አለበት።

ሕጉም ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጠፋ ዕቃና ስለተቀበረ ሀብት ቢደነግግም ጥንታዊ ቅርስን ለልዩ ሕግ ትቶታል። ልዩ ሕጉ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው፤ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ ለቤት ወይም ለመንገድ ሲቆፍር ቅርስ ያጋጠመውም እንዲያስታውቅ ያዛል።

ቀጣዩ ፈላጊ

ክልከላው ግን ብቻውን አይበቃም። ሐረር ከጀጎል ውጭ በየቀኑ እየተቆፈረች ነው፤ መሠረት፣ የውኃ ቧንቧና መንገድ አሮጌ ሳንቲም ማውጣታቸው አይቀርም። ያገኘው ሠራተኛ ከሱቅ የተወሰነ ብር ይከፈለዋል፤ ቢያስታውቅ ግን ሥራው ይቆምብኛል ብሎ ይሰጋል። እንግሊዝ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የውድ ግኝት ሕግ ለአግኚው ካሳ አስባለች፤ በቀጣዩ ዓመትም ተራ ግኝት የሚመዘገብበትን ሥርዓት ጀምራለች። እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃ ተመዝግቧል። የእኛን ሕግ ሳንነካ ከዚያ የምንወስደው መዝገቡን ነው፦ ዕቃው የተገኘበት ሰፈር፣ ጥልቀቱ፣ አብሮት የነበረው ነገር፣ ከማንም የሚቀርብ ሪፖርት የሚቀበል አንድ የቅርስ ባለሙያ፣ ለአግኚውም ተመጣጣኝ ሽልማት። ለዚህ ዲቴክተር አያስፈልግም፤ ስልክ ያለው የግንባታ ፎርማን ይበቃል።