«ስደተኛ» እና «ፍልሰተኛ» በአገሮች ድርድር

ከጳውሎስ ሰፈር ወደ ቤይሩት ለሥራ የሄደችው ወጣትም፣ ጦርነት ሸሽቶ ድንበር የተሻገረው አባወራም በዕለት ንግግራችን «ተሰደዱ» ይባላሉ። በአገሮች ድርድር ግን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት መብት እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

«ስደተኛ» በ1943 ዓ.ም. የጄኔቫ ስምምነት መሠረት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱና በመሳሰሉት ምክንያት እንዳይሳደድ ፈርቶ ከአገሩ የወጣ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በተቀበለው ስምምነት ትርጉሙን አስፍቶ፣ ከውጭ ወረራና ጸጥታን በብርቱ ከሚያናጋ ሁኔታ የሸሸውንም ጨመረ። እንዲህ ያለው ሰው ሕይወቱ ወደሚያሠጋበት ምድር በግድ ሊመለስ አይገባም።

«ፍልሰተኛ» ይህ የስደተኝነት ዋስትና የለውም። (ቃሉ የመጣው ከግእዙ «ፈለሰ» ሲሆን፣ የፍልሰታ ጾም ስምም ከዚሁ ነው።) ስለ እርሱ ደመወዝና የሥራ ሰዓት አገሮች ብዙውን ጊዜ ሁለት ለሁለት ይደራደራሉ። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 923/2008ም ሠራተኛ ከመላኩ በፊት ከተቀባዩ አገር ጋር ስምምነት እንዲኖር ደንግጓል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በ152 ድጋፍ፣ በ5 ተቃውሞና በ12 ድምፀ ተዐቅቦ የተቀበለውን የፍልሰት ሰነድ «ውል» ማለት አይገባም። ውል ያስገድዳል፤ ሰነዱ ግን አስገዳጅ አለመሆኑን ራሱ ይናገራል። «ቃል ኪዳን» የተባለውም ለሰብዓዊ መብት ሰነዶች ተይዟል። «የጋራ መግባቢያ» ለጆሮ ቢሳሳም ይሻላል።

«መፈረም»ንም ከ«ማጽደቅ» መለየት ያሻል፤ መልእክተኛው የፈረመውን ስምምነት በኢትዮጵያ የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።