ቱሊፕ በመቱ ለምን አይመለስም? የሚመለሱትስ?

ከአውሮፓ በመጣ ዘመድ ሻንጣ የገባ የቱሊፕ ራስ ኢሉባቦር ውስጥ መቱ ላይ ቢተከል የመጀመሪያው ዓመት ሊያስደስት ይችላል። ሻጩ አስቀድሞ በማቀዝቀዣ አቆይቶት ከሆነ ቅጠል ያወጣል፣ አገዳውን ይመዛል፣ አንድ አበባ ያሳያል። በዓመቱ ግን ቦታው ላይ ከአንድ ሰፊ ቅጠል በቀር የሚታይ ነገር አይኖርም፤ ብዙ ጊዜ እሱም አይኖርም። አትክልተኛው የሚወቀስበት ነገር የለም።

ቱሊፕ የመካከለኛው እስያ ተራሮች ልጅ ነው። በቲያን ሻን አካባቢ ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ደረቅና ሞቃት ሲሆን አበባው ኑሮውን ያበጀው ለዚያ ነው። ኦቶማኖች በአትክልት ስፍራቸው አላመዱት፤ እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ ደግሞ የዕፅዋት ሊቁ ካሮሉስ ክሉሲየስ ሌይደን ላይ ተከለው፤ ሆላንድም የአበባው አገር ሆነች።

ሽንኩርት የሚመስለው ራስ ካበበ በኋላ ያልቃል፤ በእግሩ ልጆቹ ይተካሉ። ልጁ የሚወፍረው አበባው ከረገፈ በኋላ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ በሚቆይባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ በደረቅ አፈር ውስጥ ማረፍ አለበት፤ የሚያብብ እንቡጥ በሆዱ የሚቋጥረው ያኔ ነውና። ቀጥሎ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ብርድ ይፈልጋል። ብርዱን ካላገኘ አገዳው አይረዝምም።

መቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ብዙም አትርቅም። ጎረቤቷ ጎሬ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለች፤ ሌሊቷ ቢበርድም እንዲህ ያለ ቁር ለወራት አይዘልቅባትም። ዝናቡ በበኩሉ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚወርድ የቱሊፑ ራስ ማረፍ ሲገባው ይበሰብሳል። የግድ ቱሊፕ ያማረው ሰው የአበባውን ራስ በወረቀት ከረጢት አድርጎ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ወር ከምናምን ያቆየዋል። ሙዝና ማንጎ ግን አጠገቡ አይቀመጡ፤ ፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ እንቡጡን ይገድላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚገኘው የአንድ ዓመት አበባ ነው። በሆላንድም ቢሆን የታወቀው የኪውከንሆፍ መናፈሻ በየመኸሩ 7 ሚሊዮን ያህል ራስ እንደ አዲስ ያስተክላል።

የኢሉባቦር መሬት ዓመቱን የሚቆጥረው በዝናብ ነው። ይህን የአንጮቴ ባለቤቶች ጠንቅቀው ያውቁታል፦ ሐረጉ በበጋ ይደርቃል፣ ያልተቆፈረው ሥር ከመሬት ይቆያል፣ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከአበቦችም እንዲሁ የሚያደርጉ አሉ።

ከእነዚህ መካከል አንደኛ መባል ያለበት ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ ነው፤ የኢትዮጵያ ተወላጅ የዱር አበባ። በጋውን ሙሉ ምልክት አይታይበትም። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አፈሩን ሲያርሱት ነጠብጣብ ያለበት ወፍራም አገዳ ብቅ ይላል፤ ቅጠሉ ገና ሳይዘረጋ ጫፉ ላይ ቀይ ድቡልቡል አበባ ይፈነዳል። ቀረብ ብሎ ላየው አንዱ ኳስ እስከ 200 የሚደርሱ ቀጫጭን አበቦች ስብስብ ነው፤ በእያንዳንዱ ክር ጫፍ ቢጫ ብናኝ ተቀምጧል። ዕድሜው ከሁለት ሳምንት እምብዛም አያልፍም።

አተካከሉ ቀላል ነው። ከፊል ጥላ ባለበት፣ ውሃ በማያቁር ከፍ ባለ መደብ ላይ አንገቱ ከአፈሩ ገጽ ጋር እንዲተካከል ተደርጎ ይተከላል። የቡና ጥላ ዛፍ ሥር ጥሩ ቦታ ነው። አበባው ሲጠወልግ ቅጠሉን ለማሳመር ብሎ መቁረጥ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ መቁረጥ ነው። በኅዳር ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውሃ ይቀርበታል፤ መቆፈር አያስፈልግም። የአበባው ራስ መርዝ ስለሆነ ከሕፃናትና ከፍየል መራቅ አለበት፤ የነካ እጅም ይታጠባል።

ፀሐይ ለሚበዛበት ግቢ ደግሞ የአገራችን ግላዲዮለስ አለ፤ ብርቱካንማ አበባው በአውሮፓ የአበባ መሸጫዎች ለሚደረደሩት ድቅሎች ዋና ወላጅ ከሆኑት አንዱ ነው። ልክ እንደ ቱሊፕ በየዓመቱ አሮጌው ሥር ያልቅና አዲስ ይተካል፤ ብርድ ግን አይጠይቅም። ረግረግ አጠገብ ላሉት ቤቶች ነጩ ካላ ይሻላል፤ እርጥበት ካገኘ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም።

ጠላታቸው ከሰማይ አይመጣም። ጃርትና ፍልፈል ከመሬት በታች የተከማቸ ሥር ይወዳሉ፤ በተለይ ግላዲዮለሱን። ስለዚህ ጫካ አቅራቢያ ያለ አትክልተኛ ከመደቡ ሥር የዶሮ ሽቦ ዘርግቶ ቢተክል ይመረጣል።