በላብ የማይወጣ ውጋት

ጃን ሜዳም ይሁን ወረታ፣ ደረቱን ይዞ ከመስመር ውጪ ቁጭ ያለ ተጫዋች ሲታይ «ውጋት ነው፣ ላብህ ሲወጣ ይለቅሃል» የማይል የለም። ብዙ ጊዜም ይለቃል። የማይለቀው ግን አለ። ልብን እንደ ከረጢት የከበበው ስስ ሽፋን ሲቆጣ የሚመጣው ሕመም ነው፤ ሐኪሞች ፔሪካርዳይተስ ይሉታል። በጀርባ ሲተኙ ወይም በረጅሙ ሲተነፍሱ ይብሳል፣ ተቀምጠው ወደ ፊት ደፋ ሲሉ ቀለል ይላል።

ኳስ ወዳድ «ልብ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2003 ሊዮን ላይ የወደቀው ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎ ነው። የእሱ ግን የልብ ጡንቻ መወፈር ነበር። ለዚህኛው የሚቀርበው የባየርን ሙኒኩ አልፎንሶ ዴቪስ ነው። በጃንዋሪ 2022 ኮቪድ ይዞት ካገገመ በኋላ ሲመረመር ልቡ ጡንቻ ላይ ቀለል ያለ ብግነት ተገኘበት። ጡንቻውና ሽፋኑ ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ሲቆጣ ሌላውም አብሮ ሊቆጣ ይችላል።

ዴቪስ የተያዘው ክለቡ ስለመረመረው ነው። ወረታ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ የሩዝ አገር ነው፣ የወባም አገር ነው። ትኩሳት ያለው ልጅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በወባ፣ ደረቱን ሲወጋው በሳንባ ምች ነው። አውሮፓ ውስጥ የልብን ሽፋን የሚያስቆጣው በአብዛኛው ቫይረስ ሲሆን፣ ቲቢ በሚበዛባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ግን ዋናው ተጠርጣሪ ቲቢ ነው። የቫይረሱ በድንገት ይመጣል። የቲቢው ቀስ ይላል፤ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፣ ሳምንታት የቆየ ሳል ያስከትላል። ቲቢ በአብዛኛው በትንፋሽ ቢተላለፍም ካልፈላ ወተትም ሊመጣ ይችላል፤ የፎገራ ላም ባለበት አገር ይህን ማወቅ አይከፋም።

ሐኪሙ በማዳመጫ ቆዳ ከቆዳ ሲፋተግ ዓይነት ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ኢሲጂ ይነሳል፤ ሽፋኑ ውስጥ ውሃ መቋጠሩ በአልትራሳውንድ ይታያል። ውሃው በዝቶ ልብን ካፈነ በመርፌ መቀዳት አለበት፤ ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም። የቫይረሱ ዓይነት በአስፒሪን ወይም በአይቡፕሮፌን ይታከማል፣ እንዳያገረሽም ኮልችሲን ለ3 ወር ይጨመራል። የቲቢው 6 ወር የቲቢ መድኃኒት ይፈልጋል። ማስታገሻ ብቻ ገዝቶ የሚውጥ ሰው ሕመሙን ሸፈነ እንጂ ቲቢውን አልነካውም።

ለአሰልጣኝ የሚመረው ዕረፍቱ ነው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2015 ለስፖርተኛ ቢያንስ 3 ወር ይል ነበር፤ በ2025 መመሪያው ወደ 1 ወር ቢያወርደውም ሕመሙ ጠፍቶ ምርመራው ጤነኛ ካልሆነ መመለስ የለም። ፍጻሜ ጨዋታ የቀረበው ቡድን ይህን መስማት አይወድ ይሆናል። ባየርን ግን ሳልዝበርግን ሁለቴ የገጠመው ያለ ዴቪስ ነው፤ ልጁ የተመለሰው በኤፕሪል፣ ከቪያሪያል ጋር ነው።