ጊታር ከትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር ሲሰለፍ፦ «ጌት ስዊንግስ»

እ.ኤ.አ. በ1997 በቨርቭ የሙዚቃ አሳታሚ የታተመው «ጌት ስዊንግስ» የአንድ ጊታሪስት አልበም ቢሆንም፣ ስቱዲዮውን የሞሉት ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን ናቸው። ባለቤቱ ክላረንስ «ጌትማውዝ» ብራውን ያኔ ሰባ ዓመት አልፎታል። ሉዊዚያና ተወልዶ በቴክሳሷ ኦሬንጅ ከተማ ያደገው ብራውን ቫዮሊንም ይጫወት ነበር፤ ብሉዝ ተጫዋች ብቻ ተብሎ መጠራትን ግን አይወድም ነበር።

ከትንፋሽ መሣሪያ ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። በ1947 ሂውስተን በሚገኘው ብሮንዝ ፒኮክ ክለብ የሚጫወተው ጊታሪስት ቲ-ቦን ዎከር ታሞ ከመድረክ ሲወርድ፣ ብራውን ከታዳሚው መካከል ተነሥቶ የዎከርን ጊታር አነሣና መጫወት ጀመረ። የክለቡ ባለቤት ዶን ሮቢ ወዲያው የብራውን ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ በ1949 ደግሞ ፒኮክ ሬከርድስ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ቤት አቋቋመ። ብራውን በዚያ ቤት በ1954 የቀረጸው «ኦኪ ዶኪ ስቶምፕ» ጊታሩ ከትንፋሾቹ ጋር እየተቀባበለ የሚሮጥበት በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትልልቅ ባንዶች እየጠፉ ሄዱ። የብዙ ሰው ደመወዝና ጉዞ ከባድ ነበር፤ አምፕሊፋየር ደግሞ አራት አምስት ሰው አዳራሽ እንዲሞላ አስቻለ። ብሉዝም በአብዛኛው ወደ ትንሽ ባንድ ዞረ።

«ጌት ስዊንግስ» ግን በተቃራኒው ሄደ፤ ባንዱ ሲሰፋ ደግሞ የጊታሪስቱ ሥራ ይለወጣል። ኮርዱን ትንፋሾቹ ስለሚይዙት ጊታሩ ያለማቋረጥ መመታት አያስፈልገውም። እንደ ዘፈናችን አውራጅና ተቀባይ፣ ጊታሩ አንድ ሐረግ ይጥላል፣ ትንፋሾቹ ባጭሩ ይመልሱለታል። ብራውን ይመታ የነበረው ያለ ፒክ፣ በባዶ ጣቱ ነው፤ የጊታሩ አንገት ላይም ብዙ ጊዜ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን ማሰሪያ) ያስር ነበር። ድምፁ ደረቅና ቁርጥ ያለ ስለሆነ ከነሐሱ ጩኸት መካከል ይለያል። ሐረጎቹም አጫጭር ናቸው፤ ሳክስፎን ነፊ ትንፋሽ ለመሳብ እንደሚያቋርጠው እሱም ያቋርጣል።

ይህ እንዲሳካ ክፍተቱን አስቀድሞ በወረቀት ላይ የሚተው አቀናባሪ ያስፈልጋል። በ«ጌት ስዊንግስ» ይህን ሥራ የሠራው የኒው ኦርሊንሱ ዋርዴል ኬዘርግ ነበር፤ የዘፋኟን የጂን ናይትን «ሚስተር ቢግ ስተፍ» ያቀናበረውም እሱ ነው። በአልበሙ ውስጥ የዱክ ኤሊንግተን ባንድ መለያ የሆነው «ቴክ ዘ ኤ ትሬን»፣ የካውንት ቤሲ «ዋን ኦክሎክ ጃምፕ»፣ የሉዊስ ጆርዳን «ካልዶኒያ» እና የላየኔል ሃምፕተን «ፍላይንግ ሆም» ይገኛሉ። የመጨረሻው በተለይ ለቴክሳስ ቅርብ ነው፤ በ1942 ቅጂ ላይ ዝነኛውን ሶሎ የነፋው ኢሊኖይ ጃኬት ያደገው ሂውስተን ነው። ብራውን በእነዚህ ዜማዎች የነፊዎቹን ቦታ በጊታር ይይዛል።

ብራውን በሴፕቴምበር 2005፣ ሃሪኬን ካትሪና በሉዊዚያናዋ ስላይዴል የሚገኘውን ቤቱን ካወደመ ከቀናት በኋላ፣ ባደገባት ኦሬንጅ አረፈ። ሥራውን ለመተዋወቅ የሚሻ በ«ኦኪ ዶኪ ስቶምፕ» ጀምሮ ወደ «ጌት ስዊንግስ» ቢሻገር ይመረጣል፤ በሁለቱ መካከል አርባ ዓመት ቢያልፍም፣ ጊታሩ ያደገው ከትንፋሾች ጋር መሆኑን ሁለቱም ያስረዳሉ።